የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ባለሙያዎች፦ ከጡንቻ ስም ወደ ዕለት ተግባር

መግቢያ

ጤነኛ ሰው እንጀራ ቆርሶ ሲጎርስ፣ ነጠላውን ሲያጣፋ ወይም ከበርጩማ ሲነሣ ምን ያህል አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጡንቻ ተባብረው እንደሚሠሩ ልብ አይልም። ልብ የሚለው ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት ወይም ኪኒሲዮሎጂ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ይህን የማይታይ ትብብር ይመረምራል። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሲሆን «ኪኔሲስ» ማለት እንቅስቃሴ ማለት ነው። ጥናቱ የአካል አወቃቀርን፣ የጡንቻና የነርቭን አሠራር እንዲሁም የፊዚክስን የኃይል ሕግጋት አጣምሮ የያዘ ነው።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ በበሽታ፣ በአደጋ ወይም ከውልደት ጀምሮ በነበረ ጉዳት ምክንያት የዕለት ተዕለት ተግባሩን ማከናወን የተሳነው ሰው መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መሥራትና ከሰው ጋር መኖር እንዲችል የሚረዳ የጤና ሙያ ነው። የሙያው መለኪያ የጡንቻ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ጥንካሬው ተመልሶ ሰውየው ግን ራሱን መመገብ ካልቻለ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም። በአንጻሩ ጥንካሬው ባይመለስም ሰውየው በሌላ ዘዴ ራሱን መመገብ ከቻለ ትልቅ ውጤት ተገኝቷል።

በመሆኑም በዚህ ሙያ በረዳትነት የሚሠራ ሰው የእንቅስቃሴ ጥናትን የሚማረው የጡንቻ ስሞችን ለመደርደር አይደለም። ዋናው ዓላማ አንድን ተግባር ተመልክቶ «ሰንሰለቱ የተበጠሰው በየትኛው ቀለበት ላይ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ መቻል ነው። ከዚህ ባላነሰ ደረጃ አስፈላጊ የሆነው ሌላው ጉዳይ ደግሞ የገዛ እጁ በሕመምተኛው አካል ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። በቅን ልቦና የተሰጠ የተሳሳተ እርዳታ ሊተርፍ ይችል የነበረን እጅ ሊያበላሽ ይችላልና።

የረዳት ባለሙያው ቦታ

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያ በአሜሪካ በማኅበር ደረጃ የተደራጀው በ1917 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ነው። የረዳት ባለሙያነት ደረጃ ግን ራሱን የቻለ እውቅና ያገኘው ዘግይቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያ አገር ረዳት ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚወስድ የኮሌጅ ትምህርት ይከታተላል፤ ቢያንስ የ16 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የተግባር ልምምድ ያደርጋል፤ ከዚያም ብሔራዊ ፈተና ይወስዳል። ምዘናውን የሚመራውና የሕክምና ዕቅዱን የሚነድፈው ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ነው። ረዳቱ በእርሱ ተቆጣጣሪነት ዕቅዱን ከሕመምተኛው ጋር በየዕለቱ በተግባር ይፈጽማል።

ይህ የሥራ ክፍፍል አንድ ግልጽ ውጤት አለው። ከሕመምተኛው ጋር ረጅም ሰዓት የሚያሳልፈው፣ ክንዱን የሚይዘው፣ ከአልጋ የሚያነሣውና ልብስ ሲለብስ አጠገቡ የሚቆመው ረዳቱ ነው። ትናንት ያልነበረ ሕመም ወይም አዲስ የጡንቻ ምልክት መጀመሪያ የሚያየውም እርሱ ነው። ያየውን ለይቶ ለማወቅና በትክክለኛ ቃል ለማስተላለፍ የእንቅስቃሴ እውቀት ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረ አዲስ ሙያ ነው። ሙያው በስፋት እስኪዳረስ ድረስ በብዙ የጤና ተቋማት የረዳቱን ሥራ የሚሸፍኑት ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ሌሎች የጤና ሠራተኞችና የሕመምተኛው ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐሳብ ረዳት ባለሙያ የሚል ማዕረግ ለያዙት ብቻ ሳይሆን የተጎዳን ክንድ ወይም እግር ለሚይዝ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

መሠረታዊ ሐሳቦች

የእንቅስቃሴ ጥናት የጋራ ቋንቋ በመፍጠር ይጀምራል። እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫዎች ይገለጻል፤ እነርሱም ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ጎን፣ እንዲሁም በራስ ዙሪያ መዞር ናቸው። ክርን ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ትከሻ በእነዚህ ላይ ክንድን ከአካል ያርቃል፣ ያቀርባል፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዞራል። የታችኛው ክንድ መዳፍን ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይገለብጣል። «ክንዱ ደክሟል» የሚለው አገላለጽ ለሕክምና የሚበቃ መረጃ አይሰጥም። «ክርኑን ማጠፍ ይችላል፤ መዳፉን ወደ ላይ መገልበጥ ግን አይችልም» የሚለው ግን ችግሩን ያመለክታል፤ መፍትሔውንም ያቀርባል።

ሁለተኛው መሠረታዊ ሐሳብ የማንሻ ሕግ ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ከሞቱ በኋላ በ1680 እና በ1681 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራቸው አጥንትን እንደ ማንሻ ዘንግ፣ መገጣጠሚያን እንደ መደገፊያ ነጥብ ቆጥረው ጡንቻዎች ከሚያነሡት ሸክም እጅግ የበለጠ ኃይል እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ክርንን ከሚያጥፉት ጡንቻዎች አንዱ የሆነው ባይሴፕስ የሚጣበቅበት ቦታ ከክርን መገጣጠሚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል እንበል። በእጅ የተያዘው ዕቃ ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ክርን በ90 ዲግሪ ታጥፎ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆግ ለመያዝ፣ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር እንኳ፣ ጡንቻው የ14 ኪሎ ግራምን ያህል ክብደት የሚሸከም ኃይል ማውጣት አለበት። ጆጉ ከእጅ ይልቅ ከክርኑ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በክንድ ታቅፎ ቢያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 6 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ጡንቻው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። «ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ» የሚለው የተለመደ ምክር ምክንያቱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ጡንቻ በሦስት መንገድ የሚሠራ መሆኑ ነው። እያጠረ ሲሠራ ሸክም ያነሣል፤ ርዝመቱን ሳይለውጥ ሲሠራ ሸክሙን ባለበት ያቆያል፤ እየረዘመ ሲቋቋም ደግሞ ሸክሙን ቀስ ብሎ ያወርዳል። በጀበና ቡና የምትቀዳን ሴት መመልከት ይበቃል። ጀበናውን ስታነሣ የትከሻዋ ጡንቻዎች ያጥራሉ፤ ሲኒዎቹን እየተከተለች ስትቀዳ ክንዷን ከፍ እንዳለ ያቆያሉ፤ ጀበናውን በማቶቱ ላይ ስታሳርፍ ደግሞ እየረዘሙ ክብደቱን ይገታሉ። ከስትሮክ በማገገም ላይ ያለች ሴት ጀበናውን ማንሣት ችላ ስታስቀምጠው የሚወድቅባት ከሆነ ችግሩ ያለው በሦስተኛው የሥራ ዓይነት ላይ ነው። ልምምዷም ማንሣትን ብቻ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማውረድንም ሊያካትት ይገባል።

አራተኛው የመሬት ስበት ነው። የጡንቻ ጥንካሬ ከ0 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይለካል። 0 ምንም መኮማተር የሌለበት ነው። 1 መኮማተሩ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ፣ እንቅስቃሴ ግን የማይፈጥር ነው። 2 የስበት ጫና ሲወገድ መንቀሳቀስ የሚችል፣ 3 ስበትን ተቋቁሞ የሚንቀሳቀስ፣ 4 ተጨማሪ መጠነኛ ጫና የሚቋቋም፣ 5 ሙሉ ጤነኛ ነው። በ2 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ለዕለት ተግባር ወሳኝ ነው። ክርኑን የሚያጥፈው ጡንቻ ደረጃ 2 ላይ የሚገኝ ሰው ማንኪያ ወደ አፉ ማንሣት አይችልም። ሆኖም ክንዱ በትከሻው ቁመት ልክ በሆነ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ከታች ጨርቅ ቢነጠፍለት ክርኑን በአግድም ማጠፍና መዘርጋት ይችላል። ጠረጴዛ መወልወል ለዚህ ሰው ትርጉም ያለው ልምምድ ይሆናል።

ተግባርን መተንተን

እነዚህን ሐሳቦች በእጅ እንጀራ በመብላት ላይ አያይዞ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያ ግንድ ወደፊት ያዘነብላል፤ ሰው ከጋራ ማዕድ ሲበላ ይህ ዘንበል ማለት ከፍ ያለ ይሆናል። ቀጥሎ ትከሻ ክንድን ወደፊት ይዘረጋል፤ ክርን ይዘረጋል፤ መዳፍ ወደ ታች ይገለበጣል። አውራ ጣት ከአመልካችና ከመሐል ጣት ጋር ተገናኝቶ እንጀራውን ይይዛል፤ ይቆርሳል፤ ወጡን ይጠቀልላል። በመጨረሻ ክርን ይታጠፋል፤ መዳፍ ወደ ፊት ይዞራል፤ አንገት ትንሽ ወደፊት ይመጣል፤ ጣቶችም ጉርሻውን ይለቃሉ።

በ1956 እ.ኤ.አ. ጆን ኔፒየር የተባሉ የአካል አወቃቀር ተመራማሪ የእጅ አያያዝን በሁለት ዐቢይ ክፍሎች ለይተዋል፤ እነርሱም የኃይል አያያዝና የጥንቃቄ አያያዝ ናቸው። ሙቀጫ የሚያነሣ እጅ የኃይል አያያዝ፣ እንጀራ የሚቆርስ እጅ ደግሞ የጥንቃቄ አያያዝ ይጠቀማል። አንድ ሰው የባለሙያውን ጣት አጥብቆ መጨበጥ መቻሉ ራሱን መመገብ ይችላል ማለት አይደለም። ጭብጥ ጠንካራ ሆኖ አውራ ጣት ከሌሎች ጣቶች ጋር መገናኘት ካልቻለ እንጀራ መቁረስ አይቻልም።

በክርን ላይ የተደረገና በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ጥናት አብዛኞቹን የተመረጡ የዕለት ተግባራት ለማከናወን ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍ፣ መዳፍንም ወደ ላይና ወደ ታች እያንዳንዳቸው 50 ዲግሪ መገልበጥ እንደሚበቃ አሳይቷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ስብራት ከዳነ በኋላ ክርኑ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ሰው አብዛኛውን ተግባሩን ሳይቸገር ሊያከናውን ይችላል፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዲግሪዎች ለማግኘት ሲባል በኃይል መግፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ሁለተኛው፣ «የሚበቃው መጠን» የሚወሰነው ሰውየው በሚያከናውነው ተግባር ነው። በወንበር ለሚቀመጥና በመቀመጫ መጸዳጃ ለሚጠቀም ሰው የሚበቃው የጉልበት መታጠፍ፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚጸዳዳና በዝቅተኛ በርጩማ ለሚቀመጥ ሰው አይበቃም። ቁጢጥ ለማለት ጉልበት ከ120 ዲግሪ በላይ መታጠፍ፣ ዳሌም በጥልቀት መታጠፍ፣ ቁርጭምጭሚትም በበቂ ሁኔታ ወደ ላይ መጠጋት አለባቸው። ስለዚህ የሕክምናው ግብ ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን ከሕመምተኛው ቤትም መነሣት ይኖርበታል።

የመብላት ትንተና ከሜካኒክስ ያለፈ ትርጉምም አለው። በእጁ መቁረስ የተሳነው ሰው ከጋራ ማዕድ ራሱን ማግለል ይጀምራል፤ «ጠግቤያለሁ» ማለት ያበዛል። ባለሙያው ችግሩ ግንድን ካለማዘንበል የመጣ መሆኑን ከለየ ማዕዱን ከፍ በማድረግና ወደ ሕመምተኛው በማስጠጋት ብቻ ሰውየውን ወደ ቤተሰቡ መካከል ሊመልሰው ይችላል። ጣት መገናኘት ካቃተው ግን ማዕዱን ማስጠጋት ምንም አይፈይድም። የሚታየው ችግር አንድ ሲሆን መንሥኤው የተለያየ ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ።

እውቀት ጉዳትን የሚከላከልባቸው ሁኔታዎች

ሀ) ከስትሮክ በኋላ የሚጎዳ ትከሻ

ክንድን ከጎን ወደ ራስ በላይ ማንሣት የአንድ መገጣጠሚያ ሥራ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንትና ስካፑላ የሚባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በ1944 እ.ኤ.አ. ኢንማንና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ጥናት መሠረት ግንኙነቱ በአማካይ ሁለት ለአንድ ነው። ከ180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉ ከትከሻ መገጣጠሚያ፣ 60 ያህሉ ደግሞ ስካፑላ ከሚያደርገው መዞር ይገኛል። የላይኛው ክንድ ወደ ውጭ መዞርም ያስፈልጋል፤ ካልዞረ አጥንቱ ከበላዩ ካለው የአጥንት ጣሪያ ጋር በመጋጨት በመካከል ያለውን ለስላሳ አካል ይጨፈልቃል።

ከስትሮክ በኋላ ክንዱ በዛለ ሕመምተኛ ላይ የትከሻ ጡንቻዎች የክንዱን አጥንት በጉድጓዱ ውስጥ አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል። አጥንቱም በክብደቱ ምክንያት ወደ ታች ይንሸራተታል። ስካፑላም በራሱ አይዞርም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው እጁን ይዞ ከአልጋ መጎተት፣ ብብቱን ይዞ ማንሣት፣ ወይም የዛለውን ክንድ «እንዳይደርቅ» በማለት በኃይል ወደ ራሱ በላይ ማንሣት መገጣጠሚያውን ይጎዳል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት በሦስት ዓይነት ልምምድ የተመደቡ ሕመምተኞችን አነጻጽሯል። ከራስ በላይ በተሰቀለ መዘውር ገመድ ክንዳቸውን እንዲጎትቱ ከተደረጉት መካከል 62 በመቶ የሚሆኑት የትከሻ ሕመም ሲይዛቸው፣ በባለሙያ እጅ ልምምድ ከተሰጣቸው መካከል የታመሙት 8 በመቶ ነበሩ። ልምምዱ የታሰበው ለመልካም ነበር፤ የጎደለው የስካፑላን መዞርና የክንዱን ወደ ውጭ መዞር ግምት ውስጥ ማስገባት ነው።

ከዚህ የሚወጡት መመሪያዎች ቀላል ናቸው። የዛለ ክንድ በተቀመጡበት ጊዜ በትራስ ወይም በጠረጴዛ ይደገፋል። ሕመምተኛው ሲነሣ የሚያዘው ከግንዱና ከወገቡ እንጂ ከክንዱ አይደለም። ክንዱ ሲንቀሳቀስ አንዱ እጅ ስካፑላውን እየመራ፣ ሌላው ክንዱን ወደ ውጭ እያዞረ፣ ሕመም እስከማይሰማበት ወሰን ብቻ ይሆናል። ሸሚዝ ሲለበስ የተጎዳው ክንድ አስቀድሞ ይገባል፤ ሲወለቅ መጨረሻ ይወጣል። ሕመምተኛውን የሚያነሡትና የሚያለብሱት ቤተሰቦቹ ስለሆኑ እነዚህ መመሪያዎች ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በተግባር ሊያዩአቸው ይገባል።

ለ) ማጠር ያለበት ጅማት

ጅማት ባጠረ ቁጥር መዘርጋት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ጤነኛ ሰው ይህን በራሱ እጅ መሞከር ይችላል። ጣቶችን አላልቶ የእጅ አንጓን ወደ መዳፍ በኩል ሲያጥፍ ጣቶቹ በራሳቸው ይከፈታሉ፤ አንጓን ወደ እጅ ጀርባ በኩል ሲያነሣ ደግሞ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ። ይህ የሚሆነው ጣትን የሚያጥፉት ረጃጅም ጅማቶች አንጓን አቋርጠው ስለሚያልፉ ነው።

አንገቱ ላይ ደርሶበት በነበረ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ደረጃ የተረፈለት ሰው የእጅ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት ይችላል፤ ጣቶቹን ግን በፈቃዱ ማጠፍ አይችልም። ጣት የሚያጥፉት ጅማቶች በመጠኑ አጥረው ከቆዩለት አንጓውን ባነሣ ቁጥር ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣቱም ወደ አመልካች ጣት ጎን ይጠጋል። በዚህ አያያዝ ብርጭቆ ማንሣት፣ እስክሪብቶ መያዝና ዳቦ መጉረስ ይችላል። የተረፈው ጭብጥ ይህ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ትጉህ አስታማሚ የእጁን መድረቅ ለመከላከል ብሎ አንጓውንም ጣቶቹንም በአንድ ላይ ቀጥ አድርጎ በየዕለቱ ቢዘረጋቸው ጅማቶቹ ይለጠጣሉ። ከዚያ በኋላ አንጓው ቢነሣም ጣቶቹ አይታጠፉም። ሕመምተኛው ያጣውን ጭብጥ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ትክክለኛው ዘዴ ጣቶች ሲዘረጉ አንጓን ወደ መዳፍ በኩል ማጠፍ፣ አንጓ ሲነሣ ደግሞ ጣቶችን ታጥፈው መያዝ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ይንቀሳቀሳል፤ ጅማቱ ግን ርዝመቱን እንደጠበቀ ይቆያል። ሕመምተኛው መዳፉን ዘርግቶ ተደግፎ ሲቀመጥም ጣቶቹ መታጠፍ አለባቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገለጽ እውቀት የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ጭብጥ ሊያተርፍ ይችላል።

ሐ) የማይሰማ እጅ

በሥጋ ደዌ ምክንያት በክርን በኩል የሚያልፈው አልናር ነርቭ ሲጎዳ የእጅ ውስጣዊ ትንንሽ ጡንቻዎች ይደክማሉ። እነዚህ ጡንቻዎች በጣት ሥር ያለውን መገጣጠሚያ አጥፈው የፊተኞቹን የጣት መገጣጠሚያዎች ይዘረጋሉ። ሲደክሙ ረጃጅሞቹ ጅማቶች ያለ ተቃራኒ ይጎትታሉ፤ በተለይ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከሥራቸው ወደ ኋላ ተለጥጠው ጫፋቸው ይታጠፋል። በአዲስ አበባ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ማእከል ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው አንዱ ችግር ይኸው ነው።

የዚህ እጅ አደጋ የመልኩ ለውጥ ብቻ አይደለም። ጤነኛ እጅ ዕቃ ሲይዝ መላው የጣትና የመዳፍ ገጽ ጫናውን ይካፈላል። የታጠፉት ጣቶች ግን የሚነኩት በጫፋቸው ነው። ጫና ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ስለሆነ በ8 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፍ የነበረው ኃይል በ2 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ሲያርፍ ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ሕመም ስለማይሰማውም ሰውየው አያያዙን አይለውጥም፤ ቁስሉን የሚያየው ከደማ በኋላ ነው። የማማሰያንና የመኮትኮቻን እጀታ በጨርቅ ወይም በጎማ ጠቅልሎ ማወፈር፣ የጋለ ምጣድና የሞቀ ሲኒ በጨርቅ መያዝ፣ ከሥራ በኋላም እጅን በዓይን መፈተሽ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ የእንቅስቃሴ ጥናት ውጤቶች ናቸው።

መ) የተተካ ዳሌ

የዳሌ መገጣጠሚያ ከኋላ በኩል በተከፈተ ቀዶ ሕክምና ሲተካ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግርን አሻግሮ ማቆራረጥና ወደ ውስጥ ማዞር፣ በተለይ ሦስቱ ሲደራረቡ፣ መገጣጠሚያው እንዲወልቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። የጥንቃቄው ዝርዝርና የጊዜው ርዝመት እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ የቀዶ ሐኪሙን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ «ብዙ አይጠፉ» የሚል ምክር ብቻውን ለሕመምተኛው አይበቃም። በዝቅተኛ በርጩማ መቀመጥ፣ በጉድጓድ መጸዳጃ ቁጢጥ ማለት፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ሁሉም ከ90 ዲግሪ የሚያልፉ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ባለሙያው ዲግሪውን ወደ ቤት ዕቃ መተርጎም ይኖርበታል፤ ይኸውም ከጉልበት ከፍ ያለ ወንበር፣ መካከሉ የተቀደደ የመጸዳጃ ወንበር፣ ረጅም እጀታ ያለው የጫማ ማንኪያ ማዘጋጀት ማለት ነው።

ጥናቱን እንዴት መማር ይቻላል?

የእንቅስቃሴ ጥናት በንባብ ብቻ አይገባም። የተሻለው የመጀመሪያ መጽሐፍ የተማሪው የራሱ አካል ነው። ክርንን እያጠፉ ባይሴፕስን በጣት መዳሰስ፣ መዳፍ ወደ ታች ሲገለበጥና ወደ ላይ ሲገለበጥ የጡንቻውን መጠንከር ማነጻጸር፣ የእጅ አንጓን አጥፎ ለመጨበጥ ሞክሮ ጭብጡ እንደሚደክም ማየት ከብዙ ገጽ ይበልጣል። ጭብጥ የሚጠነክረው አንጓ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ወደ እጅ ጀርባ በኩል ሲነሣ መሆኑን በዚህ መንገድ የተረዳ ተማሪ፣ የእጅ መደገፊያ ስፕሊንት ለምን በዚያ አቀማመጥ እንደሚሠራ አይረሳም።

ሁለተኛው ደረጃ የጤነኛን ሰው ተግባር መመልከት ነው። ልብስ የሚያጥብ፣ ውኃ የሚቀዳ ወይም ሸማ የሚሠራ ሰው እንቅስቃሴ ወደ ደረጃዎች ተከፋፍሎ ሲጻፍ፣ በየደረጃው የትኛው መገጣጠሚያ በየት አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ጡንቻ እያጠረ፣ የትኛው እየረዘመ እንደሚሠራ ይመዘገባል። ሦስተኛው ደረጃ በጎኒዮሜትር የመገጣጠሚያን ማእዘን መለካት ነው። መለኪያው አንድ ዓይነት ሆኖ ሕመምተኛውም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ሆኖ ካልተለካ የዛሬው ቁጥር ከትናንቱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

የመጨረሻው መዝግቦ ማስተላለፍ ነው። ረዳቱ ያየውን ለቴራፒስቱ፣ ለሐኪሙና ለነርሷ ሲያስተላልፍ ተግባሩን፣ የተሰናከለበትን ደረጃና የተሰጠውን እርዳታ መጥቀስ ይገባዋል። አዲስ ሕመም፣ እብጠት፣ የጡንቻ ግትርነት ወይም የስሜት መጥፋት ሲያይ ልምምዱን አቁሞ ማሳወቅ የሙያው ወሰን ብቻ ሳይሆን የእውቀቱ ምልክትም ነው።

ማጠቃለያ

የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ባለሙያ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛው የማይቻል የመሰለን ተግባር ወደ ክፍሎቹ በትኖ የሚቻልበትን መንገድ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እርዳታው ራሱ ጉዳት እንዳይሆን መጠበቅ ነው። የዛለ ትከሻ መጎተት የለበትም፤ መያዣ የሆነ ጅማት መለጠጥ የለበትም፤ የማይሰማ እጅ በቀጭን እጀታ መሥራት የለበትም፤ አዲስ የተተካ ዳሌ በዝቅተኛ በርጩማ መቀመጥ የለበትም። እነዚህን ለመፈጸም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ትራስ፣ ጨርቅ፣ ከፍ ያለ ወንበርና የሚያየውን የሚያውቅ ዓይን በየጤና ተቋሙ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ የነርስም ሆነ የሌላ ጤና ባለሙያ ሥልጠና ይህን እውቀት በተግባር ሊያካትት ይገባል፤ ከሆስፒታል የሚወጣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ቤተሰብም ከመድኃኒቱ አወሳሰድ ጋር የክንዱንና የእግሩን አያያዝ ተምሮ መሄድ ይኖርበታል።